ሠላሳ አንደኛው ሰው

ሰው እያጣጣረ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ክርክር የሚገጥም ማን ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ነኝ። ክርክሩንም አሸንፌያለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን ካማራችሁ የሚታዘንለት ሌላ ሰው አለ፤ ስደርስበት ታውቁታላችሁ።

ያን ጊዜ ከገንዳ ውሃ ከተማ በተራክተር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ካቦ ነበርሁ። ካቦ ማለት ሠራተኛ የሚመርጥ፣ የሚያሰማራ፣ የሚቆጣ፣ ሲርብ ደግሞ ከሁሉም ጋር አብሮ የሚራብ ሰው ነው። ስሜ ምስጋናው ነው፤ እርሻው ላይ ግን በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። "ካቦ" ነበርሁ፣ ከኋላዬ ደግሞ "ጴንጤው"። ጎንደር ሁለት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ተምሬ ስለመጣሁ አፌ አያርፍም ነበር። ያኔ ልቤን የያዘው አንድ ትምህርት ነው፤ እግዚአብሔር የሚድነውን ሰው ዓለም ሳይፈጠር መርጦታል፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ወደ እሱ መምጣት አይችልም፣ የመጣም ስለተመረጠ ነው የመጣው የሚል። እውነት ነው አይደለም ብዬ እዚህ አልከራከርም። ክርክር በቅቶኛል። ብቻ እኔን ያሰከረኝ ትምህርቱ ሳይሆን የኔ ማወቅ ነበር።

ሰው የሚመረጥበትን ሜዳ ላላየ ልንገረው። ገንዳ ውሃ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። መስከረም ላይ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከኛም ደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሱን በጆንያ ሸክፎ ጎህ ሲቀድ እዚያ ይቆማል። ካቦው ተራክተሩን አስቁሞ ይወርዳል። መዳፍ ያያል፣ ትከሻ ያያል። ከዚያ በጣቱ ነው፤ "አንተ! አንተ! አንተ ባለ ቆቡ!" የተጠቆመ ተሳቢው ላይ ይዘላል። ያልተጠቆመ ነገን ይጠብቃል። ለምን እኔን ተውኸኝ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም።

እሑድ እሑድ ሥራ የለም። ምሳ ከተበላ በኋላ አንድ ግራር ሥር እንቀመጥና እኔ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የሚሰሙኝ ወሬ ስላጡ ነው። አንድ እሑድ ታዲያ በጣም የኮራሁበትን ምሳሌ አመጣሁ።

"ያን ቀን ሜዳው ላይ ስንት ሰው ቆሞ ነበር?" አልኋቸው። "አሸዋ ነው! ከእናንተ መሀል በገዛ ጉልበቱ ተሳቢው ላይ የወጣ አለ? የለም። እኔ ጠቆምሁ፣ እናንተ ወጣችሁ። ጣቴ ያላረፈበት አልወጣም። መዳንም እንዲሁ ነው።"

"ተው እንጂ ካቦ!" አሉ መሪጌታ እንዳለ።

መሪጌታ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ቅኔ ያወቁ፣ ዜማ ያወቁ፣ ኑሮ ገፍቷቸው ሰሊጥ አጨዳ የወረዱ። እኔን ዝም ሊያሰኝ የሚችል እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለዚያም ነው ዐይናቸውን ማየት የማልወደው።

"እግዜር ሰውን እንደ በሬ ጎትቶ አያስገባም" አሉ። "በሩን ከፍቶ ይጠራል። የሚገባው ሰው ነው፣ በእግሩ! በፈቃዱ! ፈቃድ ባይኖር ፍርድ ከየት ይመጣል?"

"ሙት ሰው እግር አለው እንዴ መሪጌታ? የሞተ ይራመዳል?"

ተሳሳቅን። ከሰዎቹ መሀል ያልሳቀ አንድ ነበር፤ አያልነህ የሚባል ከሲታ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የመሪጌታ የአገር ልጅ። አቀርቅሮ መሬቱን በእንጨት ይጭር ነበር። እኔ ትምህርቱ ልቡን ነካው ብዬ ደስ አለኝ። ነክቶታል፣ ነክቶታልሳ!

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ነው ነገሩ የሆነው። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ አንድ ቀን ካሳለፍኸው ፍሬው ይረግፋል። ሌሊቱን ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ አድሮ ነበርና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ "ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!" እያልሁ ስጮህባቸው ነበር። አጫጅ በግራ እጁ አገዳውን ጭብጥ አድርጎ ይይዝና በቀኙ ያጭዳል። የሚይዘውን አያይም፤ የሚያይ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ኋላ የቀረ ደግሞ በኔ ይሰደባል። ሁለት ሰዓት አካባቢ አያልነህ ማጭዱን ጥሎ መጣ። አልጮኸም። ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ይዟል።

"ካቦ" አለኝ፣ ሥራ ስላቆመ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር፣ "እባብ ነከሰኝ መሰለኝ።"

"ምን ዓይነት?"

"ጥቁር ነው። አንገቱን ነፋው።"

መሪጌታ ሮጠው መጡና መቀነታቸውን ፈተው ክንዱን አሰሩት። መድኃኒት ያለው ገንዳ ውሃ ብቻ ነው። የተራክተር ሹፌሩን ኢድሪስን ጠራሁት፤ የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነው፣ ሙስሊም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ተሳቢው ላይ ድርቆሽ አንጥፈን አያልነህን አስተኛነው፣ እኔና መሪጌታ ግራና ቀኝ ተቀመጥን፣ ኢድሪስ ነዳው።

የኛን ዋልካ አፈር የማያውቅ ሰው ዝናብ የጣለበትን መንገድ መንገድ ይለዋል። ጥቁር ሙጫ ነው። አራት ሰዓት ሳይሆን አንድ ደረቅ ወንዝ ደረስን፤ ሌሊት ስለዘነበ ደረቅነቱ ቀርቷል። ኢድሪስ ሊሻገር ሲሞክር የኋላ ጎማው እስከ አንገቱ ገባ። ሞተሩ እየጮኸ ጭቃ ይረጫል፣ እኛ እንገፋለን፣ እሱ ይጠልቃል። ኢድሪስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ወላሂ በዚህ አይወጣም። ከዚያ ማዶ ሌላ እርሻ አለ፤ ሄጄ ተራክተር አመጣለሁ" አለ። አያልነህን ተጠግቶ አየው። "አይዞህ ወንድሜ። አይዞህ።" ወደኛ ዞረ። "አጫውቱት። እንዳይፈራ።" ጫማውን አውልቆ በጭቃው ውስጥ ሮጠ።

አጫውቱት ነው ያለን። ሌላ ምንም አላዘዘንም።

ተሳቢው ላይ አቡጀዲ ወጥረን ጥላ ሠራን። አያልነህ ላብ አጥምቆታል። የዐይኑ ቆብ ከብዶት እንቅልፍ እንዳሸነፈው ሰው ወደ ታች ይወርዳል፣ አገጩን ቀና አድርጎ በቀረችው ስንጥቅ ነው የሚያየኝ። እጁ ግን ብዙ አላበጠም፤ ያ እኔን ሞኙን አጽናናኝ።

"ካቦ" አለኝ። ምላሱ ወፍሮ ነበር። "አንድ ነገር ልንገርህ? አትቆጣኝም?"

"ምን እቆጣሃለሁ።"

"እኔን አልመረጥኸኝም።"

አልገባኝም።

"ያን ቀን፣ ሜዳው ላይ። የጠቆምኸው ከፊቴ የቆመውን ነው፣ ደንዳናውን። እሱ ጆንያውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እኔ ዘለልሁ። አራት ቀን ቆሜ ነበር ካቦ። አራቱንም ቀን ማንም አላየኝ። ደክሞኝ ነው።" ምራቁን ለመዋጥ ታገለ። "ያን እሑድ ስታስተምር እኔ ውስጤ ራደ። ጣቴ ያላረፈበት አልወጣም አልህ። እኔ ወጥቻለሁ። ሳልጠራ። ያኛውም... የላይኛውም እንዲሁ ሆኖ ሳልጠራ የገባሁ እንደሆን፣ ያባርረኛል?"

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ዐውቅ ነበር።

ያን ቀን ከከተማው መውጫ፣ ኬላው ጋ ስንቆም እንደ ልማዴ ቆጠርሁ። የጠቆምሁት ሠላሳ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ሆነብኝ። ደግሜ ቆጠርሁ፣ ሠላሳ አንድ። ያ ሜዳው ላይ ሁለቴ አይቼ "ይሄ ንፋስ ይወስደዋል" ብዬ ያለፍሁት ከሲታ ከሁለት ሰዎች መሀል ተሸጉጦ ፊቱን በፎጣው ሸፍኗል። ላወርደው እጄን ዘረጋሁ። በፎጣው መሀል አንድ ዐይኑን አየሁት። ምን እንደሆንሁ እንጃ፣ እጄን መለስሁና ኢድሪስን "ንዳው" አልሁት። ኋላም አሠሪው "ይሄ ምን ይሠራልሃል፣ መልሰው" ሲለኝ "እኔ እፈልገዋለሁ፣ ይቆይልኝ" ብዬ ለምኜ አስቀረሁት። አያልነህ ይህን አያውቅም። እያንዳንዷን ቀን ዛሬ ይደርሱብኛል እያለ ነው ያጨደው።

እንግዲህ "አይቼህ ነው የተውሁህ" ብለው ያበቃ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እውነቴን ነው።

መሪጌታ ግን ቀደሙኝ። ጭናቸውን መቱ። "ይኸውልህ! ይኸውልህ ካቦ! ማንም ሳይጠቁመው፣ በገዛ እግሩ! ፈቃድ የለም ስትል አልነበር? ምስክሩ ይኸው ተኝቷል!"

ደሜ ፈላ። በዚያ ሰዓት አያልነህ ከዐይኔ ጠፋ፤ የማየው መሪጌታን ብቻ ሆነ። ዐውቅ ነበር ብል ጣቴ ያላረፈበት ሰው ወጥቶ እያየሁ ዝም ብያለሁ ማለት ነው፤ ያ የኮራሁበት ምሳሌ አፈር በላ። እኔ ደግሞ አፈር የሚበላ ምሳሌ አልወድም።

"እርሻ ሌላ፣ መንግሥተ ሰማያት ሌላ!" አልሁ። "እኔ ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ፤ ተሳስቼ አንድ ሰው አምልጦኝ ሊወጣ ይችላል። እግዚአብሔር ግን አይሳሳትም። እሱ ያልመረጠው ሰው ተሸሽጎ አይገባም!"

እንዲህ ነው ያልሁት። ቃል በቃል።

አያልነህ በዚያች ስንጥቅ ጥቂት አየኝ። "እሺ" አለ። ቀጥሎም፣ ሊያስታርቀን እንደፈለገ ሁሉ፣ "ግድ የለም፣ ስትጨርሱ ትነግሩኛላችሁ" አለ። ከዚያ በኋላ ከአፉ ቃል አልወጣም።

እኛም አልጨረስን። መሪጌታ አዳምን አመጡ፣ እኔ ፈርዖንን አመጣሁ። እሳቱም ውሃውም ከሰው ፊት ነው፣ እጁን የሚሰደው ሰው ነው አሉ። እጁንስ የሚያንቀሳቅስለት ማን ነው አልሁ። ይሁዳን ለሁለት ጎተትነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ሆና ታቃጥላለች፣ ዝንቡ ይጮሃል፣ እኛ እንጮሃለን። በመሀል የአያልነህ ጣቶች የሱሪዬን ጫፍ ይዘው እንደነበር ተሰማኝ። ውሃ የፈለገ መሰለኝና ኮዳውን አፉ ላይ ደቀንሁለት። ውሃው በጉንጩ ወርዶ ድርቆሹ ላይ ፈሰሰ። "ጠግቧል" ብዬ ኮዳውን ከደንሁ፤ ከደንሁና ወደ ይሁዳ ተመለስሁ።

ሰባት ሰዓት አካባቢ መሪጌታ እንደመባነን አሉና ወደ ልጁ ዞሩ። "አያልነህ፣ ልጄ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ላናዝዝህ አልችልም። ግን ፈቃድህን ለእግዜር አሳየው። ማረኝ በል። አፍህ እንቢ ካለህ እጅህን አንሣ። ትንሽ ብቻ። በቃ፣ እሱ ያያል።"

እጁ አልተነሣም።

"አንሣት ልጄ። ጣትህን ብቻ።"

"አዩ መሪጌታ?" አልኋቸው። እግዜር ይይልኝ፣ በድል ነው ያልኋቸው። "ፈቃድ ብቻውን እጅ ያነሣል? ሰው በራሱ አይችልም ያልሁዎት ይኸው አይደለም?"

መሪጌታ የልጁን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩታል። እኔ ረታኋቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ኢድሪስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከሌላ ተራክተር ጋር ደረሰ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ገመድ እያሰረ "እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ተኝቷል" አልሁት። ወጥቶ ጆሮውን ደረቱ ላይ አደረገ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። "እናንተ ሰዎች! ከማዶው ድምጻችሁ ይሰማኝ ነበር። እያጫወታችሁት መስሎኝ እኮ ነው!"

ገመዱን አጥብቆ ተራክተሩን ከጭቃው አስጎተተ። እንደ እብድ ነዳው። ገንዳ ውሃ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አያልነህ ከመድረሳችን በፊት ነው ያረፈው። በጤና ጣቢያው ያገኘናት ባለሙያ ደግ ሴት ናት። ዐይኑን አየች፣ እጁን አየች፣ ቀስ ብላ ሸፈነችው።

"መናገር ያቆመው መቼ ነው?" አለችኝ።

"አምስት ሰዓት አካባቢ።"

"ይህ መርዝ ጅማት ነው የሚያስረው። ምላስ ያስራል፣ ዐይን ያስራል፣ እጅ ያስራል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ። ጆሮ ግን አይዘጋም። እስከ መጨረሻው አካባቢ ይሰማችሁ ነበር።" ፊቴን አይታ ልታጽናናኝ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "አይዞህ። ብቻውን አልነበረም። ስታወሩት የነበረውን ሁሉ ሰምቷል።"

ወጣሁ። ከግቢው ውጭ ካለው አጥር ሥር ቁጢጥ ብዬ አስታወክሁ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና ጆሮው አጠገብ አፌን አድርጌ "አይቼህ ነበር። ኬላው ጋ አይቼህ ነው የተውሁህ። እፈልገዋለሁ ብዬ ለምኜልሃለሁ" አልሁት። ሦስት ጊዜ አልሁት። መሪጌታ በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።

መሪጌታን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ወደ አገራቸው ሲሄዱ መናኸሪያው ላይ ተገናኘን። "እጅህን አንሣ አልሁት" አሉኝ፣ "ማንሣት ለማይችል ልጅ። እኔ ላነሣለት ስችል።" ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ተለያየን።

አንባቢዎቼ፣ ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ማመን አልተውሁም፤ እንዲያውም ያ ትምህርት ዛሬም ልክ ይመስለኛል። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ሠላሳውን የመረጥሁት በትከሻቸው ነበር፤ አያልነህን ግን ያለ ምንም ነገር፣ እንዲሁ ነው የፈለግሁት። ጸጋ ጸጋ እያልሁ ስጮህ በሕይወቴ አንዴ እንኳ በእጄ ያደረግሁት እሱ ነበር፣ እሱንም ለባለቤቱ ከለከልሁት። አያልነህ ዘለለ፣ እኔ ተውሁት፤ የቱ ነው የቀደመው ብትሉኝ አላውቅም። ማስተማር አቁሜያለሁ። ጉባኤ ላይ ስለ ምርጫና ስለ ፈቃድ ክርክር ሲነሣ ወጥቼ እቆማለሁ። ወንድሞች ቀዝቅዟል ይሉኛል። ይበሉኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱን ነግሬአችሁ ላብቃ። ኅዳር ላይ የአያልነህ አባት ልብሱን ሊወስዱ መጡ። ረዥም ሽማግሌ ናቸው፤ ኩታቸውን አጣፍተው እርሻው ላይ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ቆሙ። ጆንያውን ሰጠናቸው። ፈትተው ፎጣውን አወጡና አሸተቱት።

"ደካማ ልጅ ነበር" አሉ። "ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው። እኛም አትሂድ፣ አንተን ማንም አይመርጥህ፣ ትመለሳለህ ብለነው ነበር።" ቀና ብለው ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን። "ያን ሁሉ ጎረምሳ ትቶ የኔን ልጅ የመረጠው ማን ነው?"

እኔን የሚያጋልጠኝ አልነበረም።

"እኔ ነኝ አባባ" አልሁ። "እኔ ነኝ የመረጥሁት።"

ከዚያ ፎጣውን አጣጥፈው ጆንያው ውስጥ መለሱት።

"ምነው በተውኸው" አሉኝ።